የማዘንጊያ ጣራ

ጠጋ ጠጋ በሉማ። ይህን ወሬ እየተቀመጥኩም እየተነሣሁም ነው የምነግራችሁ፤ አንድ ቦታ ረግቶ የሚወራ አይደለም። አገሩ የት ነው የሚለኝ ካለ ከወዲሁ ይውጣልኝ። አገሩ አገር ነው። ተራራ አለው፣ ወንዝ አለው፣ ሰው አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን ትእዛዝ አለው። እዚያ አገር ጎህ ሲቀድ አዋጅ ነጋሪው ካባውን ደርቦ ትልቁ ድንጋይ ላይ ይወጣና የዕለቱን ትእዛዝ ያሰማል። አንድ ቀን «ዛሬ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የኋሊት ይግባ» ይላል፤ አገሩ በሙሉ የኋሊት ይገባል። ሌላ ቀን «ከዛሬ ጀምሮ ውሻ አንቱ ይባል» ይላል፤ በማግሥቱ ሴቱ ወንዱ ሥጋ የሰረቀውን ውሻ «ኧረ እባክዎ ይውጡልኝ፣ ምን አደረግሁዎ» ሲል ይውላል። አትሳቁ። እናንተም ብትሆኑ ትሉ ነበር።

አያፍሩም ወይ? ምን በወጣቸው። ባለጫንቃ የሚባል ሹም አላቸዋ። ቢያድግልኝ ነው ስሙ፤ ሥራው መቀመጥ ነው። ከዋርካው ሥር ከፍ ያለ ዱካ ላይ፣ ቀኝ ትከሻውን ገልጦ፣ ቅቤ ተቀብቶ ይቀመጣል። ትእዛዝ የሚፈጽም ሰው ሁሉ አስቀድሞ ተሰልፎ ያንን ትከሻ በመዳፉ ይነካና «ጦሱ ላንተ» ይላል። ቢያድግልኝም «ተሸክሜያለሁ» ይላል። በቃ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሚደረገው ነገር ክፉም ቢሆን የአድራጊው አይደለም፣ ወደ ትከሻው ሄዷል። ሕጋቸው ነው። ሰው ሁሉ ከዚያ ሰልፍ ሲመለስ ፊቱ ፍክት ብሎ፣ ከጎረቤቱ ጋር እየቀለደ ነው የሚመለሰው። ቢያድግልኝም ያንን ሁሉ ተሸክሞ ደህና ይበላል፣ ደህና ይተኛል።

ታዲያ የዚያ አገር ገዢ፣ ታላቁ አዛዥ የሚሉት፣ አንድ ቀን የጎረቤት አገር ገዢን ጋብዞ ሲያበላ እንግዳው ምን አለው መሰላችሁ? «ወንድሜ፣ እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ሰዎችህ ለምንድን ነው እንዲህ የሚታዘዙህ? የኔዎቹ እኮ ዝናብ ዘነበ ብላቸው እንኳ ወጥተው ሳያዩ አያምኑኝም።» አዛዡ ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ለካ እሱም አያውቀውም። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልበላ አለው። በምን እንደቆመ የማላውቀው ነገር በምን እንደሚወድቅ በምን አውቃለሁ እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተና በመጨረሻ ሦስቱን የአገሩን ሊቃውንት አስጠራ።

ጓንጉል የሚባለው፣ ሆዱ የሞላ፣ ድምፁ የጎረነነ ሊቅ ቀድሞ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ነገሩ አስተዳደግ ነው። በአባቱ አለንጋ ያደገ ልጅ አለንጋ የያዘ ሁሉ አባቱ ይመስለዋል። ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም» አለ።

መኩሪያው የሚባለው፣ ቁመተ አጭር፣ እጁ የማያርፈው ሊቅ ከአፉ ነጠቀው። «የምን አስተዳደግ፤ ካባው ነው እንጂ። ጌታዬ፣ ያንን ካባ ለግንድ ያልብሱት፤ ሰው ግንዱን ተከትሎ ይሄዳል።»

ሦስተኛው ተሰማ ነው። ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል። «ሁለቱም ተሳስተዋል። ሰው የታዘዘውን የሚያደርገው ‹ይህ የኔ ሥራ አይደለም› ሲል ነው። የባለጫንቃውን ትከሻ ይሸፍኑት፤ አንድም ሰው አይታዘዝም።»

አዛዡ ጭኑን መታ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱ ፈካ። «በሉ እንግዲያው ይፈተን» አለ። «ነገር ግን ጥፋተኛ ላይ አይሆንም፤ ጠልተውት ነው ያደረጉት ይባላል። ጥፋት የሌለበት ቤት ይፈለግ።»

እዚህ ላይ ጥፋት ፈላጊ የሚባለው ሹም ጉድ ፈላበት። ዕድሜውን ሙሉ ጥፋት ሲፈልግ የኖረ፣ አንድም ቀን ባዶ እጁን ተመልሶ የማያውቅ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ ጥፋት የሌለበት ፈልግ ሲባል የት ይሂድ? ከቤት ቤት ሲዞር ሰነበተ፤ የቀበቶው ጫፍ እስኪተርፈው ድረስ ከሳ። በኋላ እንባ እያነቀው መጣና «አገኘሁ» አለ። «ማዘንጊያ የምትባል ስፌት ሰፊ አለች። ባሏ ሽባባው ይባላል። ሰው አልሰደቡ፣ ወሰን አልገፉ፣ ያለውንም ትእዛዝ አላጓደሉ። እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። ባሏ አራስ ቤቷ እንዳያፈስ ብሎ ሣር ክዳኑን ገና አሁን ነው አድሶ የጨረሰው። እንዲህ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም ጌታዬ፤ አስለቀሰኝ።»

«እሱ ይሁን» አለ አዛዡ። አያችሁ ነገሩን? ቤቱ የተመረጠው በመልካምነቱ ነው።

በማግሥቱ አዋጅ ነጋሪው ድንጋዩ ላይ ወጣ። «ሰው ሁሉ ከማዘንጊያ ጣራ በቀን አንድ ጭብጥ ሣር ይንቀል። የቤቱ ባለቤት ይቅደም» አለ። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እንዲያውም ሞቅ ያለ በዓል ነው የሆነው። ከበሮው ይደለቃል፣ ቆሎ ሻጩ ይጮኻል፣ ልጃገረዱ ሹሩባዋን ተሠርታ ትወጣለች። ሊቃውንቱ ዳስ ተጥሎላቸው ከአዛዡ ጋር ተቀምጠዋል። ሽባባው መጣ። የራሱ ጣራ ነው፣ ያውም ላቡ ያልደረቀ። የቢያድግልኝን ትከሻ ነካና «ጦሱ ላንተ» አለ፤ መሰላሉን ወጣ፤ አንድ ጭብጥ ነቀለ። ሲወርድ ለጎረቤቱ «አንድ ጭብጥ ነው፣ ምን ይጎዳል፤ ክረምቱ ሳይገባ መልሼ እደፍነዋለሁ» አለው። ጎረቤቱም «እውነትህን ነው፣ የኔም አንድ ጭብጥ ናት» አለና ወጣ።

ማዘንጊያ ቤት ውስጥ ናት። ሆዷ ከብዷት መነሣት አቅቷታል። ማታ ባሏ ሲገባ «ሽባባው፣ ጣራው ላይ ሲንኮሻኮሽ የዋለው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«አይጥ ነው» አላት።

ጓንጉል ፈተናውን ጀመረ። መሰላሉ ሥር ቆሞ የሚወጣውን ሁሉ «አባትህ ይገርፍህ ነበር?» እያለ ይጠይቃል። በአለንጋ ያደጉት በቀኝ፣ በእሹሩሩ ያደጉት በግራ ተሰለፉ። በአለንጋ ያደጉት ዘለው ወጡ፤ እንዲያውም አንዱ በሁለት እጁ ነቅሎ «ልጨምር ጌታዬ?» አለ። ጓንጉል ደስታውን አልቻለውም፤ «አላልኩም? አላልኩም?» እያለ ሊቃውንቱን ይጎሽማል። ቀጥሎ በእሹሩሩ ያደጉት ወጡ። ጣራውን «ይቅርታ» እያሉ፣ ሣሩን እንዳይሰበር በሁለት ጣት ይዘው፣ ቀስ አድርገው ነቀሉት። ግን ነቀሉ። መኩሪያው ሣቁ አንቆት ከዳሱ ወጣ። አዛዡ ጺሙን እያሻሸ «እንግዲህ የተገረፈው ፈጥኖ ነቀለ፣ ያልተገረፈው ዘግይቶ ነቀለ፤ ጣራው ግን ያው ሳሳ» አለ። ልክ ብሏል፤ ሞኝ አልነበረም።

ተራው የመኩሪያው ሆነ። አዋጅ ነጋሪውን ካባውን አስወለቀና በእጀ ጠባብ ብቻ ድንጋዩ ላይ አወጣው። ያው ሰው፣ ያው ድምፅ፣ ያው ትእዛዝ። ሕዝቡ ሽቅብ አየው። «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ። «ምን ቅጥ ያጣ ነው እዚያ ወጥቶ የሚለፈልፈው?» ብዙው ሰው ፊቱን አዙሮ ወደ እርሻው ሄደ። አዋጅ ነጋሪው ሊያለቅስ ደረሰ፤ ሚስቱ እንኳ ትታው ሄደች። ያን ጊዜ መኩሪያው ሮጦ ካባውን ለአንድ መንገደኛ ሽንኩርት ሻጭ አለበሰው። ሻጩ ግራ ገብቶት «ሽንኩርት» ብሎ ቢጣራ ሰው ሁሉ ከእርሻው ተመልሶ ሽንኩርቱን ሊሸከምለት ተሰለፈ። እኔ እዚያ ብኖር በሣቅ እሞት ነበር። መኩሪያው እስክስታ ወረደ፤ እሱም ቢሆን ልክ ነበረው።

ነገር ግን ተሰማ ዓይኑን ገልጦ ወደ ጣራው ጠቆመ። ካባ የሌለውን ሰው ትእዛዝ ሰምተው የቀሩ ጥቂቶች ነበሩ፤ ሣር እየነቀሉ ነው። «ካባ ሳታዩ ለምን ነቀላችሁ?» ቢላቸው አንዱ ተገረመ። «እንዴ፣ ትናንት ነቅዬ የለ? ትናንት ያልከፋ ዛሬ በምን ይከፋል? ዛሬ ብተው የትናንቱ ጥፋት ነበር ማለት አይሆንብኝም?» አለ። ሦስቱም ሊቃውንት እርስ በርስ ተያዩ። ይህን አላሰቡትማ። ከዚያ የሚከተለውን ክርክር አልነግራችሁም፤ ዳሱ ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

እነሱ ሲከራከሩ ማዘንጊያ ወለደች። ሴት ልጅ። ያዋለዷት እማማ ትርንጎ ናቸው፤ የመንደሩን ልጅ ሁሉ የተቀበሉ፣ እትብት የቆረጡ ሴት። ዕልል አሉ፣ ገንፎ አበሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ ተሰልፈው፣ ትከሻ ነክተው፣ የዕለት ጭብጣቸውን ነቀሉ። ምን ታደርጉታላችሁ? ትእዛዝ ነው፤ ጦሱም የሳቸው አይደለም። ጣራው ግን ሳሳ። ፀሐይ እየወጋ ይገባ ጀመር። አራስ ነፋስ ሊመታት፣ ጨቅላ ብርድ ሊያገኛት ነው። በምሥራቅ ደግሞ ደመናው ጠቁሯል፤ ክረምቱ መጣሁ መጣሁ ይላል። ሽባባው ሊደፍነው ፈለገ፤ ግን ድፈን የሚል ትእዛዝ የለም። በድብቅ መድፈንማ ጥፋት ነው፤ ያውም የራሱ ጥፋት፣ ማንም የማይሸከምለት።

የተሰማ ፈተና ቀን ሕዝቡ ከወትሮው በዝቶ መጣ። ቢያድግልኝ ዱካው ላይ ተቀምጧል፤ ትከሻውን ግን በጋቢ ጥቅልል አድርጎ ሸፍኗል። አዋጅ ነጋሪው ካባውን ለብሶ «ንቀሉ» አለ። ሕዝቡ ወደ ዋርካው ሲሄድ ጋቢውን አየና ቀጥ አለ። የሚነካ የለም። ተሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል፤ አዛዡ ከመቀመጫው ተነሥቷል። እኔ አሁን ስነግራችሁ እንኳ ልቤ ድው ድው ይላል።

ከዚያ ምን ሆነ? ከሰልፉ መጨረሻ አንዱ እጁን ሰደደና ፊቱ ያለውን ሰው ትከሻ ያዘ። «ጦሱ ላንተ» አለው። ያም የፊቱን ያዘ፣ «ጦሱ ላንተ»። ያችም የፊቷን። እየተያያዘ፣ እየተያያዘ መጥቶ እማማ ትርንጎ የሽባባውን ትከሻ ያዙ። ሽባባው የፊተኛው ነው፤ የቤቱ ባለቤት ይቅደም ተብሏላ። ከፊቱ ሰው የለም። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ምን ነካ መሰላችሁ? የገዛ ቤቱን መቃን። ሚስቱና ልጁ የተኙበትን ቤት መቃን ነክቶ «ጦሱ ላንተ» አለ። መሰላሉን ወጣ። ተሰማ ዓይኑን ገለጠ፤ ፈገግታው ጠፋ።

አሁን ስሙኝ። ጣራው ከመሳሳቱ የተነሣ የሽባባው እጅ ሣሩን ሲጨብጥ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ዘለቁ። ማዘንጊያ ልጇን ታቅፋ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ከላይዋ እጅ ወጣ። ያንን እጅ ታውቀዋለች። ያን ጊዜ ክዳኑ ወፍራም ሳለ ብትጮህም ማንም አይሰማትም ነበር፤ አሁን ግን የምትናገረው ሁሉ ውጭ ድረስ ይሰማል። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ሽባባው፣ አይጡ አንተ ነህ?»

ሕዝቡ ሁሉ ሰማ። ሽባባው እጁ እንደተሰነቀረ ነው። «ታዝዤ ነው» አለ። ጭብጡን ነቅሎ ወረደ፤ ሣሩን መጣል ግን አቃተው፤ እንደ ጨበጠው መሰላሉ ሥር ቁጭ አለ።

እማማ ትርንጎ ወጡ። እጃቸው ገባ። ውስጥ ሕፃኗ ትነጫነጫለች። «እማማ ትርንጎ» አለች ማዘንጊያ፣ «የልጄን እትብት የቆረጡበት እጅዎ ነው። ሰላም አደሩ?»

በቃ ይኸው ነው ያለችው። ሰላምታ ነው። እማማ ትርንጎ የጨበጡትን ሣር ለቀቁት። መልሰው በመዳፋቸው ጠቅጠቅ፣ ጠቅጠቅ አደረጉት፣ ተሸፈነ። ከዚያ መሰላሉን መውረድ ጀመሩ።

«እማማ፣ እባክዎ ይቀጥሉ» አለ አዋጅ ነጋሪው።

መውረዳቸውን ቀጠሉ።

«መቀጠልዎ ግድ ነው።»

አንድ እርከን።

«እማማ፣ ሌላ ምርጫ እኮ የለዎትም።»

እማማ ትርንጎ መሬት ደረሱ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ። «የለም?» አሉ። «ወርጄ የለም እንዴ?»

ይህ ነገር በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። የሰልፉን ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ሁሉም የፊተኛውን ትከሻ ይዞ ነው የቆመው። እማማ ትርንጎ ዞረው፣ እንደወረዱ ትከሻቸውን መልሶ የያዘውን ጎረምሳ ዓይን ዓይኑን አዩትና «እኔ አልሸከምልህም ልጄ፤ እጅህን አንሣ» አሉት። ጎረምሳው እጁን ሰበሰበ። እሱም ዞሮ ለኋለኛው «እኔም አልችልም» አለ። እንዲያ እንዲያ እያለ ሰው ሁሉ እጁ ተመለሰለት፤ የገዛ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዱ ኪሱ ይከታል፣ አንዱ ራሱን ያካል። ሽባባው ያን ጊዜ ተነሣ። የጨበጣትን ሣር እንደያዘ ወጣና መለሳት፤ አልበቃው ሲል ጋቢውን አውልቆ ቀዳዳው ላይ ዘርግቶ በደረቱ ተኛበት። «ውረድ» ቢሉት አይሰማ፣ «ሽባባው» ቢሉት አቤት አይል።

አዛዡ ፊቱ ደም መሰለ። «ሊቃውንት!» ሲል ጮኸ። «ውጡና እናንተ ንቀሉት።»

ሦስቱ ሊቃውንት ተያዩ። የሚታዘዝ ሰው ለምን እንደሚታዘዝ ከነሱ በላይ የሚያውቅ በአገሩ የለም። ወጡ። ጓንጉል እየነቀለ «ይህ እንግዲህ የኔ አባት ስለሚገርፍ ነው» ይላል። መኩሪያው እየነቀለ «አዛዡ ካባ ስለደረበ ነው፤ ልብ በሉ» ይላል። ተሰማ ዓይኑን ጨፍኖ እየነቀለ «አሁን እኔ የሚሰማኝ ሥራው የኔ እንዳልሆነ ነው፤ አላልኩም?» ይላል። ሁሉም ልክ ነበሩ። ሁሉም ይነቅሉ ነበር። ታች ያለው ሕዝብ አይቶ አይቶ ሣቅ ጀመረው፤ እዚያ አገር ሊቅ ላይ ሲሣቅ ያ የመጀመሪያው ነው። ተሰማ ሣቁን ሲሰማ ዓይኑን ገለጠ፣ በእጁ ያለውን ሣር አየ፣ ሕፃኗን እሱ በከፈተው ቀዳዳ አየ፤ አፍሮ ወረደ። ሁለቱም ተከተሉት።

ደመናው እላያቸው ላይ ደርሷል። ሰው ሁሉ ከጣራው ተነቅሎ ወደ ተከመረው ሣር ሮጠ፤ እያሰረ፣ እየተቀባበለ፣ ወደ መሰላሉ ያመጣል። ማንም አላዘዘም። የነቀለው ሁሉ የነቀለባትን ቦታ ያውቃታል፤ «የኔ ከምሰሶው በግራ ናት፣ አሳልፉኝ» ይላል።

አዛዡ ግን መሰላሉ ሥር ደርሶ ቆመ። «እንግዲያው እኔ ራሴ እነቅላለሁ» አለ። መሰላሉን ያዘ፤ አንድ እግሩን አነሣ። አነሣና ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያዝ እንጂ ሲያደርግ አያውቅም። እጁን ወደ ቢያድግልኝ ዘረጋ። ቢያድግልኝ ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ማነው ያዘዘኝ?» አለ አዛዡ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ከልቡ ነበር የሚጠይቀው።

የመጀመሪያዎቹ ፍሬ ፍሬ ጠብታዎች ወረዱ። እማማ ትርንጎ አንድ እስር ሣር በትከሻቸው ይዘው ሲመጡ መንገዱን ዘግቶ አገኙት።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ወዲያ በል» አሉት። «መሰላሉን ደግሞ ያዝልኝ።»

ታላቁ አዛዥ ወዲያ አለ፤ መሰላሉንም በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘላቸው።